ድሬ ሆኖ ከብራንድ ጋር ለመስራት፡ ከፎሎወር ቁጥር በፊት የሚታየው ነገር

"ስንት ፎሎወር ሲኖረኝ ነው ብራንድ የሚያናግረኝ?" የሚለው ጥያቄ ድሬ (ድሬዳዋ) ላይ ቪዲዮ የሚሰሩ ልጆች በተገናኙ ቁጥር ይነሳል፣ ከዚራ ዛፍ ስር ይሁን ሳቢያን ካፌ ውስጥ። ብዙ ልጅ 10 ሺህ ልግባ፣ 50 ሺህ ልግባ፣ ከዛ እነሱ ይመጡልኛል እያለ ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፣ በመጨረሻ ይሰለቸውና ይተወዋል። እኔን በጣም የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው፣ ምክንያቱም ከነዚህ ልጆች ብዙዎቹ ዛሬውኑ ለአንድ ሱቅ ወይ ለአንድ ድርጅት የሚሸጡት ነገር እጃቸው ላይ አለ፣ ምን እንደሆነ የነገራቸው ሰው ግን የለም። ስለዚ ነገሩን ከስሩ ላስረዳ።

መጀመሪያ ብሩ ከየት እንደሚመጣ እንይ። ቲክቶክ ለቪዲዮ እይታ የሚከፍልበት ፕሮግራም ኢትዮጵያን አያካትትም። ላይቭ ገብቶ ስጦታ መሰብሰብ አለ፣ እሱ ግን ሌላ ስራ ነው፣ ሁሉም የሚችለው አይደለም፣ የሚችለውም ሁሉ አይወደውም። ስለዚ እዚህ ተቀምጦ ቪዲዮ ለሚሰራ ሰው ዋናው ገቢ ድርጅት ነው፤ ምርቴን አሳይልኝ፣ ሆቴሌን አስተዋውቅልኝ፣ አፑን እንዴት እንደሚጠቀሙበት አስረዳልኝ ብሎ የሚከፍል ሰው ማለት ነው።

አሁን ደሞ በዛኛው ወንበር ላይ ያለውን ሰው አስቡት። ማርኬቲንግ ላይ የሚሰራ ሰው የተመደበለት በጀት አለ፣ በወሩ መጨረሻ አለቃው "ብሩ ምን አመጣ?" ይለዋል። "90 ሺህ ፎሎወር ያለው ልጅ ነው የሰራልን" ቢል አለቃው "እሺ፣ ስንት ሰው ገዛ?" ማለቱ አይቀርም። ይሄ ሰው የሚፈልገው ቆንጆ ቪዲዮ ብቻ አይደለም፣ ለአለቃው የሚያሳየው ነገር ነው። የሱቅ ባለቤት ከሆነ ደሞ አለቃውም ከፋዩም እሱ ራሱ ነው፣ ጥያቄው ግን ያው ነው፤ ያንተን ቪዲዮ የሚያዩት ሰዎች እኔ ጋ ሊመጡ የሚችሉ ናቸው ወይ?

"እኔ ጋ ሊመጡ የሚችሉ" የምትለዋን ያዙልኝ፣ የድሬና የሐረር ልጅ ጥቅሙ ያለው እዛ ላይ ነው።

አዲስ አበባ ያለ ትልቅ ቲክቶከር ተመልካቹ በመላው አገርና በውጭ የተበተነ ነው። እዚህ ድሬ፣ ታይዋን የሚባለው ገበያ ውስጥ ስልክ የሚሸጥ ነጋዴ ሜሪላንድና ጅዳ ያለ ተመልካች ምን ያደርግለታል? ምንም። እሱ የሚፈልገው ባጃጅ ይዞ 15 ደቂቃ ውስጥ ሱቁ ሊደርስ የሚችል ሰው ነው። በቁጥር እንየው፣ ቁጥሩ ለምሳሌ ያህል ነው። አንዱ ልጅ 90 ሺህ ፎሎወር አለው፣ ቪዲዮው በአማካይ 6 ሺህ ሰው ያየዋል፣ ከነዛ ውስጥ ድሬና አካባቢዋ ያለው 5 በመቶ ነው፣ ማለትም 300 ሰው። ሌላዋ ልጅ 8 ሺህ ፎሎወር አላት፣ ቪዲዮዋን 5 ሺህ ሰው ያየዋል፣ ግማሹ ድሬ ነው፣ ማለትም 2,500 ሰው። ሁለቱም 5 ሺህ ብር ቢጠይቁ ነጋዴው ለአንድ የድሬ ተመልካች በመጀመሪያው ልጅ ወደ 17 ብር፣ በሁለተኛዋ 2 ብር ይከፍላል። ይሄን ሂሳብ ወረቀት ላይ አስቀምጣችሁ ብታሳዩት የፎሎወር ጥያቄው እዛው ያበቃል። ችግሩ ነጋዴው ራሱ ሂሳቡን አያውቀውም፣ ማሳየት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ።

ቁጥሩ የት ይገኛል ካላችሁ፣ ቲክቶክ ላይ አናሊቲክስ (የቪዲዮዎቻችሁን ቁጥር የሚያሳየው ክፍል) ውስጥ ተመልካቾች የሚለውን ስትከፍቱ ፆታ፣ እድሜ፣ አገርና ከተማ ያሳያችኋል። ኢንስታግራም ላይ አካውንቱን ወደ ፕሮፌሽናል መቀየር ያስፈልጋል፣ በነፃ ነው፣ ከዛ ኢንሳይት የሚባለው ተመሳሳይ ክፍል ይከፈትላችኋል፣ ከተማ በከተማም ይዘረዝራል። የቴሌግራም ቻናል ስታትስቲክስ ከተማ አያሳይም፣ እሱን ለእይታ ብዛት ብቻ ተጠቀሙበት።

እዚህ ጋ ግን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር አለ። እነዚህ መተግበሪያዎች ከተማውን የሚገምቱት በአይፒ አድራሻ (ስልኩ ኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) እና በመሳሰሉት ምልክቶች ነው፣ ግምት ደሞ ይስታል። እዚሁ ድሬ ለገሀር ቁጭ ብሎ በሞባይል ዳታ የሚያይ ሰው አዲስ አበባ ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል። ስለዚ የድሬ ፐርሰንታችሁ ዝቅ ብሎ ብታዩት አትደንግጡ፣ ሌላ ማስረጃ ጨምሩበት። ስቶሪ ላይ "ከየት ናችሁ፣ ድሬ፣ ሐረር፣ ጅግጅጋ፣ ሌላ" ብላችሁ ድምፅ አሰጡና ውጤቱን ስክሪንሹት አንሱ። ኮመንት ውስጥ "ይሄ ቤት ቀፊራ ጋር ያለው ነው?" "ትላንት ሄጄ አጣሁት፣ ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?" የሚሉትን ሰብስቡ። እንደዚ አይነት ኮመንት ለሱቅ ባለቤት ከሺህ ላይክ ይበልጥበታል፣ ምክንያቱም ገዢ ነው የሚያወራው።

ኢንጌጅመንት የሚባለውም፣ ካዩት ሰዎች ምን ያህሉ ምላሽ እንደሰጡ የሚያሳየው ማለት ነው፣ አይከብድም፤ ላይክ፣ ኮመንት፣ ሼርና ሴቭ ደምራችሁ ለቪው ታካፍሉና በ100 ታባዛላችሁ። 4 ሺህ ሰው ባየው ቪዲዮ 240 ላይክ፣ 30 ኮመንት፣ 40 ሼር፣ 50 ሴቭ ካለ ድምሩ 360 ነው፣ 9 በመቶ ማለት ነው። አንዳንዱ ለፎሎወር ያካፍላል፣ በየትኛው እንደሰራችሁ ፃፉት፣ አለበለዚያ ሁለት የማይነፃፀሩ ቁጥሮች ታወዳድራላችሁ። አማካይ ቪው ስትናገሩ ደሞ ከሁሉ የበለጠውን ቪዲዮ ይዛችሁ አትሂዱ። የመጨረሻዎቹን 10 ቪዲዮዎች ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሩና መሀል ላይ ያሉትን የሁለቱን አማካይ ውሰዱ። አንድ ቪዲዮ ድንገት 300 ሺህ ገብቶላችሁ ሌላው 2 ሺህ ከሆነ፣ ብራንዱ በ300 ሺህ ሂሳብ ከፍሎ 2 ሺህ ሲያገኝ ዳግመኛ አይደውልም።

ወደ ቋንቋ ልምጣ፣ ምክንያቱም ይሄኛው እኛ ጋ በነፃ ያለ ሀብት ነው። ድሬ ላይ ያደገ ልጅ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ እየቀያየረ ያወራል፣ የሐረር ልጅ ደሞ አደርኛውን ይጨምርበታል፣ ለኛ ይሄ ምንም አይመስለንም። ለአንድ ምስራቅ ኢትዮጵያ ላይ መሸጥ ለሚፈልግ ድርጅት ግን ትልቅ ነገር ነው፣ አዲስ አበባ ያለ የማስታወቂያ ኤጀንሲ ሶስት ሰው ቀጥሮ የሚያሰራውን አንድ ልጅ በአንድ ቪዲዮ ይሰራዋል። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ውስጥ ኔትወርኩን መጀመሪያ በሙከራ ያስጀመረው ድሬዳዋ ላይ ነበር፣ ነሐሴ 2014 ላይ። በዛው ወር የድሬዳዋ ነፃ የንግድ ቀጠናም ስራ ጀመረ። ማለት የፈለኩት፣ ትልልቆቹም ይሄን ገበያ አይተውታል፣ የሚያውቁት ሰው ነው የሚያጥራቸው። ስለዚ ፕሮፋይላችሁ ላይ የምትሰሩባቸውን ቋንቋዎች ፃፉ፣ ከዛ ቢያንስ አንድ ቪዲዮ በሶስቱም ቋንቋ ሰርታችሁ ፒን አድርጉት፣ ገፃችሁ ላይ ከላይ እንዲቀመጥ። ንግግሩ አማርኛ ሆኖ ፅሁፉ በኦሮምኛ ወይ በሶማልኛ ቢሆንም ይሰራል።

ባዮ ላይ (ፕሮፋይሉ ላይ ያለችው አጭር መግለጫ) "ድሬዳዋ" የሚል ቃልና የሚሰራ ስልክ ወይ ኢሜይል የሌለው ስንት ጎበዝ ልጅ አለ መሰላችሁ። ሰው ሊከፍላችሁ ፈልጎ ማግኘት ካልቻለ ምን ያድርግ!

ከዛ ናሙና። ማንም ሳይከፍላችሁ የምትወዱትን ቤት ወይ የምትጠቀሙበትን ዕቃ ልክ እንደተከፈላችሁ አድርጋችሁ ስሩት፣ ሶስት አራት ይበቃል። "ተከፍሎኝ ነው" ብላችሁ ግን አትዋሹ፣ ከተማዋ ትንሽ ናት፣ ባለቤቱ በማግስቱ ይሰማል። ናሙናው ውስጥ ገዢ የሚፈልገው ሁሉ ይኑር፤ ቦታው የት እንደሆነ፣ ዋጋው፣ ስንት ሰዓት እንደሚከፈት። የድሬ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ፊት ላይ ጥቁር ጥላ ስለምትጥል ውጭ የምትቀርፁ ከሆነ ጠዋት 1 ሰዓት አካባቢ ወይ ከ11 ሰዓት በኋላ አድርጉት፣ ድምፅ ስትቀዱ ደሞ ቬንትሌተሩን አስጠፉ፣ በዛ ጩኸት የተበላሸ ስንት ጥሩ ቪዲዮ አይቻለሁ።

ከናሙናው ጋር አንድ ነገር ብትጨምሩ ከሁሉም ትበልጣላችሁ፤ የሚቆጠር ነገር። አንድ ጁስ ቤት እንውሰድ። ባለቤቱን "ቪዲዮዬን አይቶ መጥቶ እዛ ላይ የተናገርኩትን ቃል ለሚል ሰው 10 ብር ቀንስለት፣ ካሸሯ ደብተር ላይ ጭረት ታድርግ" በሉት። ካሸሯ ማሽኑ አጠገብ ባለው ደብተር አራት ጭረት፣ አምስተኛዋን ሰያፍ እያደረገች ትመዘግባለች። በሳምንቱ መጨረሻ ደብተሩ ላይ 37 ጭረት ቢኖር፣ ያቺን ገፅ ፎቶ አንሱት። የትኛውም አናሊቲክስ እንደዛ ገፅ አያሳምንም፣ ምክንያቱም ቪው ሳይሆን እጁን ኪሱ ከትቶ የከፈለ ሰው ነው የተቆጠረው። አይፒው ሳተ አልሳተ የሚለው ክርክርም የለም፣ ሰውየው በእግሩ መጥቷል።

ይሄን ሁሉ አንድ ገፅ ላይ ሰብስቡት፣ ሚዲያ ኪት የሚሉት ይሄው ነው፣ በስልክ ተሰርቶ ፒዲኤፍ የሚሆን። ማን እንደሆናችሁ በሁለት መስመር፣ ተመልካቹ ከየት እንደሆነ፣ መካከለኛ ቪው፣ ኢንጌጅመንት፣ ሶስት ናሙና፣ ካለ ደሞ የጭረቱ ፎቶ። ስድስት ገፅ የሚሰራ ሰው አለ፣ ማንም አያነበውም።

ከዛ ማንን ነው የምታናግሩት? ብዙ ልጅ ቀጥታ ለትልልቆቹ ባንክና ቴሌኮም ነው ዲኤም (የግል መልእክት) የሚልከው። ትልቅ ድርጅት አብዛኛውን ጊዜ በኤጀንሲ በኩል ነው የሚሰራው፣ ዲኤሙን የሚያነበው ደሞ የደንበኛ ቅሬታ የሚመልስ ልጅ ነው፣ በጀት የለውም። የተሻለው መንገድ ከታች መጀመር ነው፤ ካፌ፣ ሆቴል፣ ጂም፣ የልብስ ሱቅ፣ ክሊኒክ። ቀጥሎ መሀል ላይ ያሉት፣ የአገር አቀፍ ምርቶች የምስራቅ አከፋፋዮችና ቅርንጫፎች። እነዚህን ሰው ይረሳቸዋል፣ ግን እዚሁ ከተማ ቢሮ አላቸው፣ በአካል ሄዶ ማናገር ይቻላል፣ ወደ ዋናው መስሪያ ቤት ስማችሁን የሚያስተላልፉትም እነሱ ናቸው።

በአካል ስትሄዱ ሰዓቱን እወቁበት። ከምሳ በኋላ እስከ 10 ሰዓት ድረስ ማንንም አትረብሹ፣ ሙቀቱም ጫቱም ያለበት ሰዓት ነው፣ "እሺ እሺ" ብሏችሁ በማግስቱ ይረሳዋል። ጠዋት ሱቅ ከፍቶ ሳይጨናነቅ ሂዱ። ደሞ እኛ ለሁሉም ሰው "አንተ" እንላለን፣ አቦ ፍቅር ነው፣ ግን ለአዲስ አበባ ቢሮ ስትፅፉ "እርስዎ" በሉ፣ እዛ "አንተ" ሌላ ትርጉም ይሰጠዋል።

መልእክቱ ይሄን ቢመስል ጥሩ ነው፦

"ጤና ይስጥልኝ። ድሬዳዋ ላይ ስለ ምግብ ቤትና ካፌ ቪዲዮ እሰራለሁ። ባለፈው ወር ቪዲዮዎቼን ካዩት ግማሽ ያህሉ ድሬና ሐረር ያሉ ናቸው፣ ስክሪንሹቱን አያይዣለሁ። ሳቢያን የከፈታችሁት አዲሱ ቅርንጫፍ ከዋናው መንገድ ገባ ስለሚል ብዙ ሰው አያገኘውም። ከባጃጅ ወርዶ በሩ ድረስ የሚወስድ የ40 ሰከንድ ቪዲዮና ሁለት ስቶሪ ልሰራላችሁ እችላለሁ። ቪዲዮውን አይቶ ለመጣ ሰው በኮድ ትንሽ ቅናሽ ካደረጋችሁ ስንት ሰው እንደመጣ አብረን እንቆጥራለን። ሐሙስ ጠዋት መጥቼ ባናግራችሁ ይመቻል?"

እዚህ ውስጥ "ስፖንሰር አድርጉኝ" የሚል የለም፣ "ፎሎወሬ ይሄን ያህል ነው" የሚልም የለም። የነሱን ችግር አይታችኋል፣ መፍትሄ አቅርባችኋል፣ ውጤቱ እንዴት እንደሚታወቅ ነግራችኋል፣ ለመመለስ ቀላል በሆነ ጥያቄ ጨርሳችኋል። ካልመለሱ ከሳምንት በኋላ አንዴ አስታውሱ፣ ከዛ ተዉት።

ጊዜውም ለብቻው ትልቅ ነገር ነው። ታህሳስ 19 ቁልቢ ገብርኤል፣ ሐምሌ 19 ደሞ ሌላው የቁልቢ ጉዞ፣ ረመዳንና ዒድ፣ ሐረር ላይ ሸዋል ዒድ (በ2016 ዩኔስኮ ከመዘገበው ወዲህ የሚመጣው እንግዳ ዓይን ሁሉ እዛ ነው)፣ በነዚህ ሰሞን ሆቴሉም፣ ትራንስፖርቱም፣ ውሃና ለስላሳ የሚያከፋፍለውም ሰው መድረስ ይፈልጋል። ግን በጀቱ የሚቆረጠው ቀደም ብሎ ነው። በዓሉ ሳምንት ሲቀረው ካናገራችሁ አልቋል፣ ሁለት ወር ቀደም በሉ።

አሁን ስለ ብር። ዋጋ ስትናገሩ ከሌላ ሰው ሰምታችሁ አትጥሩ። የቀረፃ ቀናችሁን፣ ኤዲቲንጉን፣ ባጃጁን፣ ዳታውን አስሉ፣ ያ መነሻ ነው፣ ከሱ በታች መስራት የለም። በላዩ ላይ የድሬ ተመልካቻችሁን ዋጋ ጨምሩ። ከዛ ለብቻ የሚከፈልባቸው ሁለት ነገሮች አሉ፣ ሰው በነፃ የሚሰጣቸው። አንደኛው ድርጅቱ ቪዲዮውን በራሱ ገፅ ወይ እንደ ተከፋይ ማስታወቂያ መጠቀም ከፈለገ ነው። ቲክቶክ ላይ ስፓርክ አድስ የሚባል አለ፣ እናንተ ኮድ ትሰጣላችሁ፣ ድርጅቱ የናንተኑ ፖስት በብር ያስተዋውቀዋል፣ ኮዱ የሚሰራበት ጊዜ 7፣ 30፣ 60 ወይ 365 ቀን ተብሎ ይመረጣል። ሳያስቡ 365 መስጠት ማለት ዓመቱን ሙሉ ፊታችሁ የሰው ማስታወቂያ ላይ ሲዞር መኖር ነው። ሁለተኛው "ለተፎካካሪያችን ለሶስት ወር እንዳትሰራ" የሚል ቃል ነው። ሶስት ወር ሌላ ካፌ እንዳታስተዋውቁ ከተባላችሁ የሚቀርባችሁን ገቢ እነሱ ይክፈሉት።

በዕቃ መከፈል መጥፎ አይደለም፣ መጀመሪያ ላይ በተለይ። ግን ዕቃው የምትጠቀሙበት ይሁን፣ ስንት ቪዲዮ እንደሆነም ይፃፍ፣ አለበለዚያ በአንድ የስልክ ከቨር አምስት ቪዲዮ ስትሰሩ ትኖራላችሁ። ስምምነቱ ቢያንስ በቴሌግራም በፅሁፍ ይቀመጥ፤ ስንት ቪዲዮ፣ መቼ፣ ስንት ጊዜ ማስተካከያ (ሁለቴ ይበቃል)፣ ቅድመ ክፍያ ስንት፣ ቀሪው መቼ። ግማሹ ቀረፃ ሳይጀመር በቴሌብር ወይ በባንክ ይግባ።

ከሱቅ ወደ ድርጅት ስታድጉ የሚያስቆመው ወረቀት ነው። ድርጅት ወጪውን ለማስመዝገብ ደረሰኝና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ ቲን፣ ያስፈልገዋል። የገቢ ግብር ህጉ፣ ከክፍያው ላይ ግብር ተቀንሶ በሚከፈልበት ስራ ቲን ያላቀረበ ሰው ከሌላው ከፍ ያለ እንዲቀነስበት ያዛል። ከተስማማችሁበት ብር ብዙ ጎድሎ ሲገባ ማዘን አያስፈልግም፣ አስቀድሞ ቲን ማውጣት ነው። ብዙ ድርጅት እንደውም ንግድ ፈቃድና ደረሰኝ ከሌለ ጭራሽ አይገባበትም። ከተማው ገቢዎች ቢሮ ሄዳችሁ የናንተ ስራ የትኛው ዘርፍ ውስጥ እንደሚመዘገብ ጠይቁ፣ ኤጀንሲ "ሰነድ ላኩ" ሲላችሁ በዛው ቀን የምትልኩ ከሆናችሁ ወረፋ ውስጥ ካሉት ትቀድማላችሁ።

የሚያበላሹትን ደሞ ቶሎ ልበላቸው። የተገዛ ፎሎወር ወዲያው ይታወቃል፣ 40 ሺህ ፎሎወርና 200 ቪው ያለው ፕሮፋይል ራሱን ያጋልጣል። በየቀኑ የውርርድ ማስታወቂያ የሚለጥፍ ገፅ ላይ የቤተሰብ ምርት የሚያወጣ ድርጅት የለም፣ ጫት ይዞ በእያንዳንዱ ቪዲዮ የሚታይ ሰውም እንደዛው፣ ባህላችን ነው፣ ገባኝ፣ ግን ብዙ ድርጅት ምርቱን ከጎኑ ማየት አይፈልግም። "በሶስት ቀን ፊት ያነጣል"፣ "ስኳር በሽታ ይፈውሳል" የሚሉ ምርቶችን በማንኛውም ብር አትንኩ። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል፣ ከህጉ በላይ ግን ያቺን ክሬም የሚገዙት አምነዋችሁ የመጡት የሰፈራችሁ ልጆች ናቸው።

የተከፈለበት ቪዲዮ ሲሆን ቲክቶክም ኢንስታግራምም ላይ "ተከፋይ ትብብር" የሚለውን ማብራት አለ፣ አብሩት። ሙዚቃውንም ተጠንቀቁ፣ ለንግድ የሚሰራ ቪዲዮ ላይ ቲክቶክ የሚፈቅደው ለንግድ የተፈቀዱ ድምፆችን ብቻ ነው። የታወቀ ዘፈን ለጥፋችሁበት ድምፁ ቢጠፋ ብራንዱ የከፈለው ብር አብሮ ጠፋ።

ቪዲዮው ከወጣ በኋላ ብዙ ሰው ብሩን ተቀብሎ ይጠፋል። እናንተ በሳምንቱ ሳትጠየቁ አጭር ሪፖርት ላኩ፤ ስንት ሰው አየው፣ ስንት ሼርና ሴቭ፣ ከየት ከተማ፣ በኮዱ ስንት ሰው መጣ፣ ሰዎቹ ደጋግመው የጠየቁት ምን ነበር። "አስራ ምናምን ሰው ዴሊቨሪ አላችሁ ወይ ብሎ ጠይቋል" የምትል አንድ መስመር ለባለቤቱ ከቪዲዮው በላይ ልትጠቅመው ትችላለች። ቁጥሩ ዝቅ ካለም እንዳለ ላኩት፣ ለምን እንደሆነና ቀጣዩን እንዴት እንደምትሰሩት ጨምሩበት። ከዛ እዛው መልእክት ላይ ለሶስት ወር በወር ሁለት ቪዲዮ የሚል አዲስ ዋጋ አቅርቡ፣ አንዴ የሰራ ሰው ሁለተኛውን የሚስማማው ውጤቱ ገና እጁ ላይ ትኩስ ሆኖ ሳለ ነው።